ጋሽ ይቅርብን

በዚህ ዓለም ላይ ሟርተኛ የሌለበት መሥሪያ ቤት የለም። አለ ብሎ የሚከራከር ካለ፣ ወይ መሥሪያ ቤቱ ገና አልተከፈተም፣ ወይ ሟርተኛው ራሱ ተከራካሪው ነው። ታውቁታላችሁ። አዲስ ቤት ስትገቡ ሊጠይቃችሁ ይመጣና፣ ሻዩ ሳይቀርብ ግድግዳውን ኳ ኳ አድርጎ፣ «ይሄ ስንጥቅ ድሮም ነበረ?» የሚላችሁ ነው። ልጃችሁ ፈተና አልፋ ቤቱ በደስታ ሲሞላ፣ «ዋናው እንኳ የከርሞው ነው» የሚላችሁ ነው። ጉንፋን ሲይዛችሁ ደግሞ፣ ልክ እንደናንተ ሲያስለው ከርሞ የሞተ ሰው የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው።

የእኛ መሥሪያ ቤት በዚህ በኩል የታደለ ነበር። የኛው ሟርተኛ ተራ ሟርተኛ አልነበሩም። ክቡርነታቸው ጋሽ ይቅርብን ነበሩ።

ስሙን ያወጣንላቸው እኛ ነን። እናትና አባታቸው ያወጡላቸውን ስም የደመወዝ ክፍሉ ያውቀው ይሆናል እንጂ ሌላ የሚያስታውሰው የለም። አዲስ ደንበኛ መጣ ሲባል «ይቅርብን»፤ ሠራተኛ እንጨምር ሲባል «ይቅርብን»፤ መስኮቱ ይከፈት ሲባል፣ «ይቅርብን፤ ንፋሱ ወረቀቱን ያነሳዋል፣ ወረቀቱ ማሞቂያው ላይ ያርፋል፣ የቀረውን እናንተው ጨርሱት» ይሉ ነበር። እኛም በሐሳባችን እንጨርሰዋለን። እሳቸው ጀምረውት ያልተቃጠለ ነገር የለም።

ኩባንያችን የሚሠራውን ነገር ማስረዳት ቀላል ነው፤ እናቴ ግን እስካሁን አልገባትም። ከሳሙና ማስቀመጫ የማትበልጥ አንዲት ሳጥን አለች። ሳጥኗ ፋብሪካ ገብታ ሞተር ወይም ፓምፕ ላይ ትታሰራለች። የማሽኑን ሙቀትና ንዝረት እየለካች በኢንተርኔት ወደኛ ትልካለች። ማሽኑ ጤነኛ ከሆነ አረንጓዴ ታበራለች፤ ሊታመም ሲል ቀይ። እኛ ስክሪን ላይ እናይና ለባለቤቱ እንደውላለን። ባጭሩ ሥራችን፣ ክፉ ነገር ሳይደርስ በፊት ክፉ ነገር ሊደርስ ነው ብሎ መናገር ነው። ጋሽ ይቅርብን ይህንኑ ሥራ ያለ ሳጥንና ያለ ኢንተርኔት ዕድሜ ልካቸውን ሲሠሩት ኖረዋል።

እውነትም ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የኢንሹራንስ ጉዳት ገማች ነበሩ። የተቃጠለ መጋዘን፣ የተገለበጠ መኪና፣ ጎርፍ የገባበት ሱቅ ሲያዩ ነው የኖሩት። ደህና ቤት ሊያሳያቸው የጠራቸው ደንበኛ አልነበረም። እንዲህ ዓይነት ሰው ደህና ቤት መኖሩን ቢጠራጠር ምን ይፈረድበታል?

ኩባንያውን የመሠረተችው የእህታቸው ልጅ ናት፤ እኛ መሐንዲሷ እንላታለን። እናቷ ስትሞት ገና ጥርሷን ያልቀየረች ልጅ ነበረች፤ ያሳደጓት እሳቸው ናቸው። ስለዚህ «ጋሼ» እያለች አንተ ትላቸዋለች፤ ሌሎቻችን አንቱ እንላለን። የመጀመሪያዎቹን ሳጥኖች የሠራችው በእሳቸው ቤት፣ ምድር ቤት ውስጥ ነው። እኔ የአጠቃቀም መመሪያ ጸሐፊ ሆኜ ልቀጠር የሄድኩትም እዚያው ነበር። በሩን የከፈቱልኝ ጋሽ ይቅርብን ናቸው። ከእግር እስከ ራሴ አዩኝ።

«ሌላ ሥራ አላገኘሽም?»

«አላገኘሁም።»

«ፈልጊ ልጄ። ይሄ ነገር እስከ ክረምት አይዘልቅም።»

ይህን ብለው ወንበር አመጡልኝ። ከመቀመጤ በፊት እግሮቹን እያንዳንዳቸውን ነቅነቅ አድርገው ፈተሹ። አንዱ ስላላማራቸው ወስደው የራሳቸውን ወንበር አመጡ። ያን ጊዜ ነገሩ አልገባኝም ነበር፤ ሰውየው እንድሄድ ይፈልጋሉ ብዬ ነው የተቀመጥኩት።

የመጀመሪያው ትልቅ ደንበኛችን ሳሙና ፋብሪካ ነው። መሐንዲሷ ዜናውን ይዛ ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለች ወረደች።

«ጋሼ! ተቀበሉን! ለሁሉም ሞተሮቻቸው አዘዙ!»

ጋሽ ይቅርብን መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ ጠረጉ። «ለሁሉም?»

«ለሁሉም!»

«ወይኔ ልጄን» አሉ። «አንድ ሞተር ቢሆን እኮ አንድ ጭቅጭቅ ነው።»

«አንተ ደግሞ! አንድ ቀን እንኳ እንደ ሰው እንኳን ደስ አለሽ ብትለኝ ምን አለበት?»

«እንኳን ደስ አለሽ» አሉ። ድምፃቸው ግን ነፍስ ይማር የሚል ሰው ድምፅ ነበር።

ሳጥኖቹን ልናስር ፋብሪካው የገባን ቀን መሰላሉን ይዘው ቆሙ። መሐንዲሷ ላይ ሆና ስትሠራ ዋለች፣ እሳቸውም ታች ሆነው መሰላሉን ሙጭጭ አድርገው ይዘው ዋሉ። የፋብሪካው ሰዎች ሻይ ቢያቀርቡላቸው በአንድ እጃቸው እንኳ አልተቀበሉም። «አንድ እጅ ማለት ግማሽ መሰላል ነው» አሉ። ሻዩ ቀዘቀዘ፤ አረፋ የነካው ወለል ላይ የቆሙ እግሮቻቸው ግን ንቅንቅ አላሉም።

ደንበኛ ሲበዛ፣ ቀይ መብራት ሲበራ የሚደውል ሰው አስፈለገ። ማን ይደውል? እኔ መመሪያ እጽፋለሁ፤ መሐንዲሷና ባልደረቦቿ ሳጥን ይበይዳሉ። ሥራ ፈት የነበሩት ጋሽ ይቅርብን ብቻ ናቸው። ስልኩ ተሰጣቸው። በሕይወቴ ሥራና ሠራተኛ እንዲህ ሲገጥሙ አይቼ አላውቅም።

«ጤና ይስጥልኝ» ብለው ይጀምራሉ። «ከመሣሪያ ኩባንያው ነው። ብቻዎን ነዎት?»

«ምነው? ምን ተፈጠረ?»

«እባክዎ መጀመሪያ ቁጭ ይበሉ።»

«ተቀምጫለሁ! ይንገሩኝ!»

«የማድረቂያው ሞተር...» ረጅም ትንፋሽ ይከተላል። «...ሙቀቱ ትንሽ ከፍ ብሏል።»

«ኧረ እርስዎ ሰውዬ! እኔ እኮ እናቴ ሞተች ሊሉኝ ነው የመሰለኝ!»

አንድ የልብስ እጥበት ድርጅት ባለቤት፣ ከዛሬ ጀምሮ ማንም ይደውልልኝ፣ እኚህ ሰውዬ ግን እንዳይደውሉልኝ ብሎ አቤቱታ አቀረበ። ልቡን እንደሚያመው ሐኪም ነግሮት ነበርና እውነቱን ነው። ሌሎቹ ግን፣ እየተንቀጠቀጡም ቢሆን፣ ተነስተው ወደ ማሽናቸው ይሮጡ ነበር። ጋሽ ይቅርብን ደውለውለት፣ ቆይ ነገ አየዋለሁ ያለ ሰው አልነበረም። ማሽኖቹ በጊዜ እየተጠገኑ ወሬው ከፋብሪካ ፋብሪካ ሄደ፣ ትእዛዙም እየጨመረ መጣ። ለኩባንያው ማደግ አንዱ ምክንያት እሳቸው መሆናቸውን ብነግራቸው ኖሮ በማግስቱ ሥራ ይለቁ ነበር።

ምክንያቱም ዕድገት የሚባለውን ነገር እንደ በሽታ ነው የሚያዩት። ከምድር ቤቱ ወጥተን ከአንድ ጋራዥ በላይ ያለ ፎቅ ስንከራይ፣ «ከእግራችን ሥር ቤንዚን አለ» አሉ። ከዚያም ትልልቅ ባለአክሲዮኖች ገቡና፣ ጠቅላላ ግድግዳው መስታወት ወደ ሆነ ሕንፃ ተዛወርን። ሁላችንም አንገታችንን ቀና አድርገን ስንደነቅ እሳቸው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ።

«ይሄ ሁሉ መስታወት! ድንጋይ የያዘ ሰው ቢመጣስ?»

«ለምን ድንጋይ ይይዛል ጋሼ?» አለች መሐንዲሷ።

«እኔ ምን አውቄ። ደንበኛ ሊሆን ይችላል።»

በየዓመቱ የምሥረታ በዓላችን ላይ፣ አንጋፋ ናቸው ተብሎ ንግግር ያደርጉ ነበር። ማይኩን በጣታቸው መታ መታ ያደርጉና፣ ኤሌክትሪክ እንደማይዛቸው ካረጋገጡ በኋላ፣ «ውድ ባልደረቦቼ፤ እስካሁን አለን» ይላሉ። አዳራሹን ከጥግ እስከ ጥግ ያያሉ። ከዚያ «አመሰግናለሁ» ብለው ይቀመጣሉ። አዲሶቹ ሠራተኞች ያጨበጭባሉ። ነባሮቹ ሳቃችንን እንይዛለን።

ሳቁ ግን እየቀነሰ ነበር። የመስታወቱ ሕንፃ ውስጥ ሰው እየበዛ ሲሄድ መተዋወቅ ቀረ። አሳንሰር ውስጥ አብረን ወጥተን አብረን ወርደን፣ ባጅ አይተን ነው የአንድ ኩባንያ ሰዎች መሆናችንን የምናውቀው። መሐንዲሷን የማገኛት ስብሰባ ላይ ብቻ ሆነ። ድሮ እጇ የብየዳ ሽታ ነበረው፣ ጣቶቿም ጫፍ ጫፋቸውን የተቃጠሉ ነበሩ፤ አሁን እጇ ድኗል። መዳኑን ሳይ ደስ ሊለኝ ሲገባ አንድ ነገር የሞተ መሰለኝ።

የሽያጭ ኃላፊ የተቀጠረውም ያኔ ነው። ከመምጣቱ በፊት ሽቶው ይመጣል። «ገበያ አይጠብቅም!» ይላል፤ ሲገባም ሲወጣም ይላታል። ከሱ ሐሳቦች አንዱ፣ ቀይ መብራት ሲበራ ሰው መደወሉ ቀርቶ መልእክቱ በራሱ ወደ ደንበኛው ስልክ እንዲሄድ ማድረግ ነበር። ዘመናዊ ነው፣ ፈጣን ነው፣ ማንንም በልብ ድካም አይጥልም። ጋሽ ይቅርብን ሥራቸው ቀረ። መሐንዲሷ አጎቷን ማባረር አልሆነላትምና ጠረጴዛውና ስልኩ እዚያው ተተዉላቸው። እዚያ ተቀምጠው ማንም የማያየውን ስክሪን ሲያዩ ይውላሉ።

ከዚያ የውኃው ሥራ መጣ። የከተማው የውኃ ፓምፖች በሙሉ፣ በየጣቢያው፣ ዳር እስከ ዳር ሳጥን ሊታሰርባቸው ነው። እንዲህ ያለ ውል ገጥሞን አያውቅም። ችግሩ፣ ውሉ ሥራው ከዝናብ ወራት በፊት ይጠናቀቅ ይላል። ይህን ያህል ሳጥን ለማድረስ የክዳኑን ጎማ ከሌላ አቅራቢ መግዛት ነበረብን፤ አዲሱ ጎማ ደግሞ ሳሳ ያለ ነው። ሳጥኖቹን ውኃ ውስጥ እየነከርን የምንፈትሽበት ጊዜም አጠረ። ስብሰባው ላይ ይህ ሁሉ ተነሳ። የፍተሻ ክፍሉ ኃላፊ ጊዜ ጨምሩልኝ ብላ ለመነች። የሽያጭ ኃላፊው የምታውቋትን ዓረፍተ ነገር ተናገረ። ጥግ ላይ የተቀመጡት ጋሽ ይቅርብን ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ይቅርብን።»

«ለምን ጋሼ?» አለች መሐንዲሷ።

«ለምን እንደሆነማ አላውቅም።»

«ታዲያ?»

«ስለማላውቅ ነዋ ይቅርብን የምለው።»

ሁላችንም ሳቅን። መሐንዲሷም ሳቀች። ውሉ ተፈረመ።

ነቢይ ነበሩ እያልኩ አይደለም። ዓመቱን ሙሉ ሊዘንብ ነው እያለ ጃንጥላ ይዞ የሚዞር ሰው፣ አንድ ቀን ቢዘንብ ምኑ ይደነቃል? ስለ ቤንዚኑም፣ ስለ መስታወቱም፣ ስለ ማይኩም ተሳስተዋል። ስለ ጎማው ምንም የሚያውቁት ነገር አልነበረም። ያቺ ቃላቸው ከሌሎቹ ይቅርብኖች በምንም አትለይም። የሚያሳዝነውም እሱ ነው፤ ልንለያት የምንችልበት መንገድ አልነበረም።

ዝናቡ በጀመረ ሰሞን፣ ከከተማው ዳር ባለ አንድ የፓምፕ ጣቢያ፣ እርጥበት በሳሳው ጎማ በኩል ወደ ሳጥኗ ገባ። ሳጥኗ ብትሞት ይሻል ነበር፤ ስክሪናችን ላይ ትጠፋና እናውቅ ነበር። አልሞተችም። ደነዘዘች። የመጨረሻዋን ጤነኛ ቀን መልእክት ደጋግማ ትልክ ጀመር። ሞተሩ ሲግል፣ ደህና ነው ትላለች፤ ዘንጉ ሲንቀጠቀጥ፣ ደህና ነው ትላለች። አረንጓዴ እያበራች። የጣቢያው ኦፕሬተር መብራቱን አይቶ፣ ወለሉን ሊጠርግ ወደ ፓምፑ ተጠጋ። ዘንጉ ተሰበረ፤ ስባሪው ሽፋኑን በጥሶ ወጣ። ሰውየው ሕይወቱ ተረፈ። ቀኝ እግሩ ግን ከጉልበቱ በታች ሊተርፍ አልቻለም።

ወሬውን የሰማን ጠዋት፣ በዚያ ሁሉ መስታወት ውስጥ የሚተነፍስ ሰው ያለ አይመስልም ነበር። መሐንዲሷ ቢሮዋን ዘግታለች። የሽያጭ ኃላፊው ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ ኮሪደሩ ላይ ይመላለሳል። ሁላችንም አንድ ነገር እንጠብቅ ነበር፤ ማንም ባይናገረውም። ጋሽ ይቅርብን ሲመጡ ምን ይሉ ይሆን? ይህን ቀን ዕድሜ ልካቸውን ሲጠብቁት ኖረዋል። ዛሬ ካልተናገሩ መቼ ሊናገሩ ነው?

መጡ። ጢማቸውን ተላጭተዋል፣ ሸሚዛቸው ተተኩሷል። ፊታቸው ላይ ያ የማውቀው ጭንቀት የለም። ወደኔ ቀረብ ብለው፣ «ልጅቷ ቁርስ በልታለች?» አሉኝ።

«አልመሰለኝም። በሩን አልከፍትም ብላለች።»

ሄደው ዳቦና ሻይ ይዘው መጡ። በሩን አንኳኩ፤ ራሳቸው ከፍተው ገቡ፤ እኔም ተከተልኳቸው። መሐንዲሷ ጠረጴዛዋ ሥር፣ ወለሉ ላይ ተቀምጣለች። ቀና ብላ አየቻቸው።

«ጋሼ፣ በለኝ። ነግሬሽ ነበር በለኝ።»

«የትኛውን?» አሉ። «እኔ እኮ ስለ መስኮቱም ነግሬሻለሁ።»

መጀመሪያ የሳቀች መሰለኝ። ከዚያ ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሻዩን ወለሉ ላይ አስቀምጠው፣ ጉልበታቸው እየተንቋቋ አጠገቧ ቁጭ አሉ። ማልቀሷን እስክትጨርስ ጠበቁና ዳቦውን ቆርሰው ሰጧት። «ብዪ። ከዚያ የምንሠራው ሥራ አለ።»

ሌሎቻችን የማናውቀው አገር ውስጥ እንደተጣለ ሰው ዞሮብን ነበር። እሳቸው ግን ያንን አገር ያውቁታል፤ የኖሩት እዚያ ነው።

የኩባንያው ጠበቃ የመጣው ዳቦውን ሳትጨርስ ነው። ኮቱን እንኳ ሳያወልቅ መናገር ጀመረ። ማንም ከውጭ ሰው ጋር እንዳያወራ። ማንም ወደ ሆስፒታል እንዳይሄድ። መሣሪያው ጉድለት እንዳለበት የምታስመስል አንዲት ቃል ከዚህ ቤት እንዳትወጣ።

ጋሽ ይቅርብን በትዕግሥት ካዳመጡ በኋላ ወደ መሐንዲሷ ዞሩ። «ሌሎቹ ጣቢያዎች ላይ ያሉት ሳጥኖች ያው ናቸው?»

«ያው ናቸው ጋሼ። ጎማቸው ያው ነው።»

«እዚያ ያሉት ሰዎች ያውቃሉ?»

«ምርመራው ሲያልቅ በሚገባው መንገድ...» ብሎ ጠበቃው ጀመረ።

«ሰዎቹ ያውቃሉ ወይ ነው ያልኩት ልጄ።»

ጋሽ ይቅርብን ተነስተው ወደ ጠረጴዛቸው ሄዱ። ስልኩን አነሱት። ጠበቃው እየተከተላቸው፣ «ይህን ካደረጉ ኩባንያውን በእጅዎ ገደሉት ማለት ነው! ውሉ ይሄዳል፣ ባለአክሲዮኖቹ ይሄዳሉ!» ይላል። እሳቸው እሱን አላዩትም። መነጋገሪያውን ደረታቸው ላይ ይዘው መሐንዲሷን ያያሉ።

«ልደውል?» አሏት።

የሠራችውን ሁሉ አየች። ጠረጴዛዎቹን፣ መስታወቱን፣ አፋችንን ከፍተን የቆምነውን። ጣቢያዎቹ ብዙ ናቸው፤ ውጭ ደግሞ ዝናብ ነው።

«ደውል» አለች። ቆየት ብላም፣ «ቆይ፤ የስልክ ቁጥሮቹን ግማሽ ስጠኝ። እኔም እደውላለሁ።»

ጎን ለጎን ተቀምጠው ይደውሉ ጀመር። በዚያን ቀን ጋሽ ይቅርብን ለማንም ሰው ቁጭ ይበሉ አላሉም። ትንፋሽም አልሳቡም። «ሞተሩን አጥፉት። ሳጥኗ አረንጓዴ ብታበራም አትመኗት። ጥፋቱ የኛ ነው። አሁኑኑ አጥፉትና ደውሉልኝ።» ድምፃቸው እንደ ሐኪም ድምፅ ነበር። በአንዱ ጣቢያ ያለች ኦፕሬተር መነጋገሪያውን ሳትዘጋ ሄዳ አይታ ተመለሰች። እያለከለከች ነበር፤ እኔ ድረስ ይሰማኛል።

«አጥፍቼዋለሁ። ሙቀቱ አያስጠጋም አባቴ። ሳጥኑ እኮ አሁንም አረንጓዴ ነው!»

«ከዚያ ቤት ውጪ» አሏት። «ዝናብ ቢሆንም ውጪ።»

ጠበቃው የተናገረው ሁሉ ሆነ። ውሉ ሄደ። ባለአክሲዮኖቹ ሄዱ። ገበያ አይጠብቅም ሲል የኖረው ሰውም አልጠበቀንም፤ ሽቶው ግን ጥቂት ቀን ቆየ። ፍርድ ቤቱም ተገቢውን ፈረደ፤ መሐንዲሷ አልተከራከረችም። የመስታወቱን ሕንፃ ለቀን፣ አንድ መጋዘን ጀርባ ያሉ ጠባብ ክፍሎች ውስጥ ገባን። ከዚያ ሁሉ ሰው የቀረነው አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ የምንበቃ ነን። ከየጣቢያው የሰበሰብናቸውን ሳጥኖች እየከፈትን ጎማቸውን እንቀይራለን። ዛሬም እየከፈትን ነው። ኩባንያው ይትረፍ አይትረፍ አላውቅም። ይህን የምጽፈው እሱ ሳይታወቅ ነው።

ሆስፒታል የሄድነው ግን ገና በዚያው ሳምንት፣ ጠበቃው እየጮኸ ነው። መሐንዲሷ የምትለውን በቃሏ አጥንታ ነበር፤ መኪና ውስጥ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አያለሁ። ክፍሉ በር ላይ የኦፕሬተሩ ሚስት ቆማለች።

«ከኩባንያው ናችሁ?»

«አዎ» አለች መሐንዲሷ።

«ምን ልትሉ ነው የመጣችሁት?»

ያጠናችው ሁሉ ጠፋባት። ጋሽ ይቅርብን ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«የምንለው የለም እመቤቴ። ቁጭ ልንል ነው፤ ከፈቀድሽልን።»

ሴትየዋ ለረጅም ጊዜ አየቻቸው። ከዚያ ከበሩ ገለል አለች።

ኦፕሬተሩ ወጣት ነው፤ በዕድሜ ከታናሽ ወንድሜ አይበልጥም። ብርድ ልብሱ በአንድ በኩል ጠፍጣፋ ሆኖ ተኝቷል። መጀመሪያ የተናገረው እሱ ነው።

«ሳጥናችሁን እወዳት ነበር» አለ ጣሪያውን እያየ። «ጣቢያው ሩቅ ነው፤ ብቻዬን ነው የማመሸው። ያቺ አረንጓዴ መብራት ስትበራ ሰው ያለ ይመስለኝ ነበር። ማዶ ሆኖ የሚያየኝ ሰው።»

መሐንዲሷ ፊቷን በእጇ ሸፈነች። «ማንም አልነበረም» አለች። «ይቅርታ አድርግልኝ። ማንም አልነበረም።»

እሱም አለቀሰ፤ ሚስቱ ግን አላለቀሰችም። መስኮቱ ጋ ሄዳ ጀርባዋን ሰጠችን። ቆይቶ ዓይኑን በክንዱ ጠረገና፣ ወደ ጋሽ ይቅርብን ዞረ።

«የመጣው ሰው ሁሉ ደህና ትሆናለህ፣ እንደ ድሮህ ትሆናለህ ይለኛል።»

«እኔ አልልህም» አሉ። «ከባድ ነው የሚሆነው። ረጅምም ነው። እንደ ድሮህ አትሆንም። ግን እመጣለሁ።»

ሚስቱ ከመስኮቱ ዞራ አየቻቸው። ልጁ ትራሱ ላይ ራሱን አሳርፎ ዓይኑን ጨፈነ። እንቅልፍ የወሰደው እዚያው፣ እሳቸው አጠገቡ ተቀምጠው ሳሉ ነው። ከአደጋው ወዲህ በቅጡ ተኝቶ እንደማያውቅ ስንወጣ ሚስቱ ነገረችን።

እንዳሉትም ይመላለሱ ጀመር። ቁስሉ ሲደርቅ፣ ሰው ሠራሽ እግሩ ሲለካ፣ እግሩ አልገጥም ብሎ ሲመለስ፣ ልጁ ተናድዶ ክራንቹን ግድግዳ ላይ ሲወረውር፣ እዚያ ነበሩ። ክራንቹን አንስተው ተመልሰው ይቀመጣሉ። ለምን እንደሚሄዱ አንድ ቀን ጠየቅኳቸው። «እኔ ጉዳት ገማች ነኝ» አሉኝ። «ድሮ አይቼ እሄድ ነበር።» ከዚያ ወዲህ አልጠየቅኳቸውም።

ባለፈው ሳምንት በእረፍቴ ቀን አብሬያቸው ሄድኩ። የሆስፒታሉ ኮሪደር ረጅም ነው፤ ወለሉ ገና ተወልውሏል። ልጁ አዲሱን እግር አስሮ ግድግዳው ጋ ቆሟል። ሚስቱ ክራንቹን ይዛለታለች። ላቡ በግንባሩ ይወርዳል፣ እጁ ግድግዳውን አልለቅም ብሏል። ጋሽ ይቅርብን ፊት ለፊቱ ቆሙ፤ ሁለት እጃቸውን ዘረጉለት።

«ና» አሉት።

«ብወድቅስ ጋሼ?»

«ልትወድቅ ትችላለህ። ና።»

እጁን ከግድግዳው አነሳ። አንድ እርምጃ ተራመደ። እሳቸውም አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሄዱ። ደገመው፤ ደገሙት። ፊታቸውን ወደሱ እንዳዞሩ፣ ዓይናቸውን ከእግሩ ሳይነቅሉ፣ በዚያ በተወለወለ ወለል ላይ የኋሊት ይሄዳሉ። አንድ ጊዜ እንኳ ዞር ብለው አላዩም። «ና፣ ቀስ፣ ና» ይላሉ፤ ልጁም እየተንገዳገደ ይመጣል።

ከኋላቸው ጽዳት ሠራተኛዋ ትታው የሄደችው ውኃ የሞላ ባልዲ አለ። ከተቀመጥኩበት አግዳሚ ወንበር ዘልዬ ተነሳሁና ባልዲውን ወደ ግድግዳው ጎተትኩት። ከባልዲው አለፍ ብሎ የመድኃኒት ጋሪ ቆሟል፤ እሱን ገፋሁት። ከጋሪው ቀጥሎ በር ተከፍቷል፤ ሮጬ ዘጋሁት። ወለሉ ላይ እርጥብ ቦታ ሳይ ሻርፔን አውልቄ፣ ተንበርክኬ አደረቅኩት። ቀና ስል እየመጡ ነው፤ ተነስቼ ወደሚቀጥለው ሮጥኩ።